"ብርድ ነው" የሚሉት እትዬ ዲንቄ

በየሰፈሩ ሳይማር ሐኪም የሆነ አንድ ሰው አይጠፋም። የሌለበት ሰፈር ካለ ንገሩኝ፣ ቤቴን ሽጬ እገባለሁ፤ ብቻ ሳምንት ሳይሞላኝ ተመልሼ መምጣቴ አይቀርም። ለእኛ ለአቃቂዎቹ የደረሱን ክብርት ፕሮፌሰር እትዬ ዲንቄ ናቸው። ይህን የምጽፈውም ከሳቸው ተደብቄ ነው።

ፕሮፌሰሯ የሚያውቁት በሽታ አንድ ነው፤ ብርድ። ራስህን አመመህ? "ብርድ ነው።" ወገብህ ተያዘ? "ብርድ ነው፣ ጋቢ ደርብ።" የአንድ ለአምስታችን ጠርናፊ በስብሰባ መሃል ሲያዛጋ እንኳ፣ አጀንዳው ራሱን አሰልችቶት ነው የሚል ደፋር በጠፋበት፣ እሳቸው ከኋላ ሆነው "ብርድ ነው! ያንን መስኮት ዝጉለት እንጂ!" ብለው ስብሰባውን በሳቅ በትነውታል። ሠላሳ ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሠርተዋል። ከሞቀው ማሽን ወጥቶ የአቃቂ ወንዝ ንፋስ የመታው ሠራተኛ ሁሉ ሲያስል ስላዩ፣ ምርምራቸውን እዚያው ጨርሰው ዘጉት።

መድኃኒታቸውም አንድ ነው፤ ፌጦ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ተወቅጦ። እኔ ከሥራ የተቀነስኩ ሰሞን ደረቴን ጭንቅ አድርጎ ያዘኝ። ልቤ ነው፣ አለቀልኝ ብዬ ተኛሁ። እትዬ ዲንቄ ሳያንኳኩ ገቡ፣ ግንባሬን ዳሰሱና "ምንም አልሆንክም፣ ብርድ ነው" አሉ። ሰባት ቀን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ያንን የሚያቃጥል ፌጦ አፌ ላይ ደቅነው፣ ሳልጨርስ አይሄዱም ነበር። በስምንተኛው ቀን ፌጦውን ፈርቼ ተነሳሁ።

ታዲያ ባለፈው ጥቅምት አንድ ማለዳ፣ ራሳቸው ፕሮፌሰሯ ደረታቸውን ይዘው በራቸው ደፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

"እትዬ፣ ምን ሆኑ?"

"ብርድ ነው።"

"ላብ እንዲህ አጥምቆዎት?"

"ብርዱ እየወጣ ነዋ!"

ከባለ ባጃጁ ጎረቤታችን ከሻፊ ጋር ደግፈን ባጃጁ ውስጥ አስገባናቸው። ሻፊ መንገድ ላይ ሲያስል፣ እያቃሰቱም ቢሆን "ብርድ ነው፣ ሸራውን አውርድ" አሉት።

የወሰድናቸው ሆስፒታል የደረት ሕመም ክፍል የሚሉትን አዲስ ነገር ከፍቶ ነበር፤ ስድስት አልጋ ነው። ደረቴን ያለ ሰው የካርድ ወረፋ ሳይጠብቅ በቀጥታ እዚያ ይገባል። የልብ ምት የሚያነበው መሣሪያ ይገጠምለታል፣ ለምርመራ ደም ይሰጣል፣ ከሰዓታት በኋላ ሁሉም እንደገና ይደገማል። ልብ መሆን አለመሆኑ ሳይለይ አይሸኙትም። ሐኪሟ፣ ለልጅ ልጅነት የምትደርስ ቀጭን ልጅ፣ "የመጀመሪያው ውጤት ደህና ነው እማማ፤ ግን እስከ ማታ ይቆያሉ" ስትላቸው ክብራቸው ተነካ።

"እኔ በዓይኔ የምለየውን እስከ ማታ? ደሙስ ለምን ሁለቴ? የቅድሙን ጣላችሁት?"

አጠገባቸው የተኛው የማረሚያ ቤት ጥበቃ ነበር። ማማ ላይ እንደሚያድር ሲነግራቸው "በቃ፣ ብርድ ነው!" ብለው ፈረዱ። ከሰዓት በኋላ እውነትም "ልብህ ደህና ነው፣ ጡንቻ ነው" ተብሎ ሲሸኝ፣ ፕሮፌሰሯ ነጠላቸውን ሰብስበው "እኔም ሄድኩ!" ብለው ተነሱ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም ሳይቀረኝ ለምኜ አስቀመጥኳቸው።

ሁለተኛው ውጤት ሲመጣ ሐኪሟ ወደ ኮሪደሩ ጠራችኝ።

"ልጃቸው ነዎት?"

እትዬ ዲንቄ አልወለዱም። "አዎ" አልኳት፤ ስለው ደግሞ ውሸት አልመሰለኝም።

"የልባቸው ደም ሥር እየተዘጋ ነው። ቤት ተመልሰው ቢሆን ኖሮ እናጣቸው ነበር። አሁኑኑ መድኃኒት ጀምረን ደም ሥሩ ወደሚከፈትበት ሆስፒታል እንልካቸዋለን፤ እሳቸው እሺ ካሉ ነው ግን። እኔን አልሰሙኝም፣ እርስዎ ያግባቧቸው።"

ያን ሁሉ ዓመት ስቀልድባቸው ኖሬ፣ ያለ እሳቸው ሰፈሩ ሰፈር እንደማይሆን አንድ ቀን እንኳ አስቤ አላውቅም ነበር። ፊቴን ጠራርጌ ገባሁ።

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። "ምን አለች?" አሉ። ድምፃቸው እንዲህ አንሶ ሰምቼው አላውቅም። ልብ ነው ልል አፌን ከፈትኩ፤ እንቢ አለኝ።

"ብርድ ነው አለች፣ እትዬ።"



"እኔም ሰው ሲፈራ እንደዚያው ነው የምለው" አሉና እጄን ያዙ። "እሺ፣ ብርድ ይሁን። በል ሐኪሟን ጥራትና ብርዴን ታክምልኝ።"