ቁልቁለት አልወርድ ያለው ተሳቢ

ዕቃ ሲበላሽ «ምኑ ነው?» ከማለት ይልቅ «ማን ተቀየመ?» የሚል ሰው ገጥሟችሁ አያውቅም? እኔን ሾፌሩ ጋሼ እንድሪስ ገጥመውኛል። ሬዲዮናቸው ዝም ካለ ባትሪ ከመቀየር ይልቅ ጎረቤት ሄደው ይቅርታ ይጠይቃሉ።

አንድ ጊዜ በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁት የሐይቅ ከተማ ዓሣ አስጋሪዎች የብረት ጀልባቸው ተቀደደችና፣ ጋሼ እንድሪስ ከመኪናቸው ኋላ በተሳቢ ጎትተው ለብየዳ ኮምቦልቻ ሲወስዷት አብሬ ተሳፈርኩ። ደሴን አልፈን የሐረጎን ቁልቁለት በጉም ውስጥ ስንጀምር የተሳቢው ጎማዎች ድርቅ ብለው ቆሙ። ጭራው ወደ ገደሉ ተንሸራተተ።

«ሐይቁ ተቀይሟል፤ ጀልባዋን ይፈልጋታል» አሉ ጋሼ።

እንደ ምንም ወደ ደሴ ብናዞረው ጎማው እንደ ልቡ ተሽከረከረ። ወደ ኮምቦልቻ ስንመልሰው ደረቀ።

እኔ አዋቂው ሳቅኩ።

«ጋሼ፣ ቁልቁለት ላይ ተሳቢው መኪናውን ሲገፋ የራሱን ፍሬን ይይዛል፤ ዳገት ላይ ይለቃል። እርስዎ ሐይቁን ይጠረጥራሉ፣ የተበላሸው ግን የፍሬን ዘይቱ ነው» ብዬ ጎማው ሥር ያለችውን የዘይት ማፍሰሻ ብሎን ፈታሁ። በዘይት ፈንታ ጥርት ያለ ውኃ ፈሰሰ፤ የሐይቅ ሣር ይሸታል።

«ይኸው! ጀልባዋን ስታወርዱ ተሳቢውም ሐይቅ ውስጥ ይነከራል። ውኃ ገባበት፤ በቃ!»

ጋሼ እንድሪስ ትክ ብለው አዩኝ። «ወላሂ፣ ይኼ ተሳቢ ትናንት ከኮምቦልቻ በውሰት የመጣ ነው። ጀልባዋንም በትከሻችን ተሸክመን አስፋልት ዳር ነው የጫንናት። ሐይቁን በዓይኑም አላየው።»

ውኃው አልቆም አለ። አንዲት ብሎን ያን ሁሉ ውኃ ከየት ታመጣለች?

መፍቻውን ቀስ ብዬ አስቀመጥኩ።

«ጋሼ» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ለመሆኑ ማን ይሆን የተቀየመው?»