አምስተኛው ጥቅል

[ከአንድ አሮጌ ሲኒማ ቤት አናት ላይ ያለች ጠባብ ክፍል። አንድ የፊልም ማሽን፣ አንድ ወንበር፣ ወደ አዳራሹ የምታሳይ መዳፍ የምታህል መስኮት። የከሰዓቱ ፊልም አራተኛ ጥቅል እየተንከረከከ ይዞራል። ሠላሳ ዓመት ፊልም ያጫወቱት፣ ያየውም የሰማውም «ሊቁ» እያለ የሚጠራቸው አዛውንት ቆመዋል። የአዳራሹ በረኛም ቆሟል። ወንበሩ በመካከላቸው ባዶውን ተገትሯል።]

ሊቁ፦ ተቀመጥ አልኩህ።

በረኛው፦ እርስዎ ቆመው እኔ ልቀመጥ? ያሳደጉኝ ሰዎች ምን ይሉኛል ጋሼ?

ሊቁ፦ ያሳደጉህ ሰዎች እዚህ የሉም።

በረኛው፦ ለዚያ እኮ ነው። ቢኖሩ አስፈቅዳቸው ነበር።

ሊቁ፦ ስማ። የሚመረመር ይቀመጣል፣ የሚመረምር ይቆማል። የግድያ ፊልም ደንቡ ይህ ነው።

በረኛው፦ እንግዲያው እርስዎ ተቀምጠው ይመርምሩኝ፤ እኔ ቆሜ ልመርመር። እግሬ ለምዶታል።

ሊቁ፦ መርማሪ ጀርባውን ለእሳት ሰጥቶ ነው የሚቆመው።

በረኛው፦ የቱን እሳት?

ሊቁ፦ [የማሽኑን ትኩስ የመብራት ሳጥን በአውራ ጣታቸው እያሳዩ] ይኸው።

በረኛው፦ ያን ጊዜ ኮትዎን የበላውን?

ሊቁ፦ ተቀመጥ።

[በረኛው በወንበሩ ጠርዝ ላይ ግማሹን አሳረፈ፤ ግማሹን ለአክብሮት አስቀረ። ሊቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ይህችን ሰዓት ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቋት የኖሩ ያህል ተሰማቸው።]

ሊቁ፦ እትዬ ዛሬ ጠዋት ያሉትን ድገምልኝ።

በረኛው፦ እርስዎም ነበሩ እኮ።

ሊቁ፦ መርማሪ የሚያውቀውንም ይጠይቃል።

በረኛው፦ «ሕዝቡ ፊልሙ ሳያልቅ እየተነሳ ይወጣል። ዛሬ አምስተኛው ጥቅል ሳይገባ ማን እንደሚያባርርብኝ ካልነገራችሁኝ ይህን አዳራሼን ለሶፋ ነጋዴው አከራያለሁ» አሉ። ሰውየው ኋላ ረድፍ ተቀምጧል። ሜትር ይዞ ነው የመጣው።

ሊቁ፦ ፊልሙን እያየ ነው?

በረኛው፦ ግድግዳውን ነው የሚያየው።

ሊቁ፦ [ዝቅ ባለ ድምፅ] ሠላሳ ዓመት። እዚህ ቤት ከወንደላጤነት እስከ አያትነት። ከዚህ ወጥቼ የት ነው የምቀመጠው?

በረኛው፦ ሶፋው ላይ ነዋ ጋሼ።

ሊቁ፦ [አልሳቁም] አይዞህ። የሚያባርረውን ከመጀመሪያው አውቄዋለሁ።

በረኛው፦ ታዲያ ለምን ጠዋት አልነገሯቸውም?

ሊቁ፦ ይኸው፤ ለዚህ ነው በረኛ ሆነህ የቀረኸው። በመጀመሪያው ጥቅል ማን ይናገራል? የግድያ ፊልም አምስት ጥቅል ነው፤ እያንዳንዱ የራሱ ሥራ አለው። በአንደኛው ዘመድ አዝማድ በትልቁ ቤት ይሰበሰባል። ባለጸጋው ሽማግሌ «ነገ ኑዛዜዬን እለውጣለሁ» ይላል።

በረኛው፦ ለምን ዛሬ አይለውጥም?

ሊቁ፦ ዛሬ ከለወጠ ማን ይገድለዋል? በሁለተኛው መብራት ይጠፋል። ሲበራ ሽማግሌው ሾርባው ላይ ተደፍቷል።

በረኛው፦ [ከልብ አዝኖ] አሃ፣ ሟቹ እሳቸው ናቸው።

ሊቁ፦ ይህን ፊልም ለስንተኛ ጊዜ ስናሳይ ነው? ዛሬም ሟቹን አታውቀውም?

በረኛው፦ ሰው ሲያለቅስ እሰማለሁ እንጂ ለማን እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ሊቁ፦ የፈጣሪ ያለህ። በሦስተኛው መርማሪው ይመጣል። ሐኪሙን፣ የወንድሙን ልጅ፣ ጥልፍ የምትጠልፈውን አክስት፣ አትክልተኛውን በየተራ ይጠይቃል። ሁሉም ይዋሻሉ።

በረኛው፦ ሁሉም ገድለውታል?

ሊቁ፦ አንዱ ገድሏል፤ የቀሩት የየራሳቸውን ገመና ነው የሚደብቁት። በአራተኛው ደግሞ ወጥ ቤቷ «ገዳዩን አይቻለሁ፤ ነገ ጠዋት እነግራችኋለሁ» ትላለች።

በረኛው፦ እሷም ነገ?

ሊቁ፦ እሷም ነገ። ስለዚህ ትሞታለች።

በረኛው፦ እዚያ ቤት ነገ ያለ ሰው አይተርፍም ማለት ነው።

ሊቁ፦ በአምስተኛው መርማሪው ሁሉንም ሳሎን ይሰበስብና ጀርባውን ለእሳቱ ይሰጣል። ማንም ያልጠረጠረውን፣ በጣም የታመነውን ሰው በጣቱ ያሳያል። ደንቡ አይዛነፍም። አሁን በዚሁ ደንብ የእኛን ነገር እንየው። ሟቹ ማነው?

በረኛው፦ ሽማግሌው። አሁን ነገሩኝ እኮ።

ሊቁ፦ የእኛ ሟች ገበያችን ነው። ተጠርጣሪዎቹስ? አንደኛ፣ ስፕሪንጋቸው የወጣ ወንበሮች።

በረኛው፦ እነሱ ከጥንትም ይወጉ ነበር። ሰው ቦታቸውን አውቆ ነው የሚቀመጠው።

ሊቁ፦ ሁለተኛ፣ ኦቾሎኒ ሻጯ።

በረኛው፦ እሷ ሰው ፊልሙ ሳያልቅ ሲወጣ ታለቅሳለች። ግማሹ ይተርፍባታል።

ሊቁ፦ ሦስተኛ፣ ራሳቸው እትዬ።

በረኛው፦ እሳቸው ማልቀስ ትተው ሶፋ ነጋዴ ጋር ሄዱ።

ሊቁ፦ ስለዚህ የቀረው ማንም ያልጠረጠረው ነው። ሰዉን በፈገግታ የሚቀበል፣ «ደህና ግቡ» የሚል። [ጣታቸውን ቀስ ብለው አነሱ] አንተ ነህ።

በረኛው፦ እኔ ነኝ።

ሊቁ፦ [ጣታቸው አየር ላይ ቀረ] እንዲህ ቶሎ አይታመንም።

በረኛው፦ ምን ልበል?

ሊቁ፦ መጀመሪያ ትክዳለህ። ትስቃለህ። ከዚያ ላብህን ትጠርጋለህ።

በረኛው፦ [ግንባሩን ጠረገ] እዚህ ክፍል ያለ ደንብም ያልባል። እኔ ነኝ ጋሼ። አምስተኛው ጥቅል ሲገባ መጋረጃውን ሰብስቤ በሩን እከፍታለሁ። በሩ ወደ ፀሐይ መጥለቂያ ነው። ድሮ ፊት ለፊቱ ያለው ትልቅ ዛፍ ይከልል ነበር፤ ከቆረጡት ወዲህ ፀሐይቱ ሰተት ብላ ገብታ ሸራው ላይ ታርፋለች። ሸራው የታጠበ አንሶላ ይመስላል። ሰዉ ዓይኑን ያሽና ይነሳል። ሲወጣም «ማን ነበር የገደለው?» እያለ እኔን ይጠይቀኛል።

ሊቁ፦ አንተ ሰው! ሠላሳ ዓመት እንጀራ የበላህበትን ቤት! በሩን ማን ክፈት አለህ?

በረኛው፦ እርስዎ።

[ማሽኑ ይንከረከካል። ሊቁ የማሽኑን ቆጣሪ ያዩ መሰሉ፤ ግን አላዩትም።]

ሊቁ፦ መቼ?

በረኛው፦ የተቀጠርኩ ዕለት። «አምስተኛው ጥቅል ሲገባ በሩን ወለል አድርገህ ክፈት፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ያልተማረም ያውቀዋል፤ መውጫው ላይ አይጋፉ» አሉኝ። የታዘዝኩትን አንድ ቀን አጓድዬ አላውቅም።

ሊቁ፦ ሸራው ሲነጣ መጥተህ አትነግረኝም?

በረኛው፦ በዚህች መስኮት የሚያዩ መስሎኝ። ሸራው ፊት ለፊትዎ ነው።

ሊቁ፦ [ወደ ማሽኑ ዞረው] አላይም።

በረኛው፦ ዓይንዎን ያምዎታል?

ሊቁ፦ ዓይኔ ደህና ነው። አምስተኛው ሲገባ እኔ ዞሬ አራተኛውን እጠቀልላለሁ። ካልተጠቀለለ የማታው ፊልም ከጭራው ይጀምራል። በእጅ ነው፤ ፊልሙ እንዳይቀደድ ጀርባዬን ሰጥቼ አጎንብሼ ነው። ቀና ስል ሰዉ ወጥቶ መብራት በርቷል።

በረኛው፦ ሁልጊዜ?

ሊቁ፦ ሁልጊዜ።

በረኛው፦ ታዲያ በየመንገዱ የሚተርኩልን መጨረሻ?

ሊቁ፦ ከደንቡ እያሰላሁ ነው። [ኮታቸውን ቆለፉ፤ ቁልፉ ተሳስቶ ነበር] እስከ ዛሬ ተሳስተሃል ያለኝ የለም።

በረኛው፦ እኔ ግን እንጃ ጋሼ፣ የሚተርኩት ሁሉ ሌላ ፊልም ነበር የሚመስለኝ።

ሊቁ፦ አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ?

በረኛው፦ መጨረሻውን ነዋ። አራቱን ጥቅል ውጭ ሆኜ ዘግይቶ የሚመጣውን አስገባለሁ። አምስተኛው ላይ መጋረጃውን ይዤ እቆማለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ አይቼ አላውቅም። ሰው ሲታሰር አያለሁ፤ ምን አድርጎ እንደሆነ ግን የሚነግረኝ የለም። ለዚያ ነው በየሳምንቱ «ሟቹ ማን ነበር» እያልኩ የማስቸግርዎ።

ሊቁ፦ እኔ ደግሞ ነገር የማይገባህ መስሎኝ።

በረኛው፦ አውቃለሁ። ሲያስረዱኝ ደስ ስለሚልዎ ዝም አልኩ።

[ሊቁ ወንበሩን አዩት። በረኛው ተነሳላቸው። ሳይከራከሩ ተቀመጡ።]

ሊቁ፦ በል እሺ። በዚህ ፊልም የገደለው ማነው? ሐኪሙ ነው አይደል? ቦርሳውን ሲደብቅ...

በረኛው፦ ጀርባውን ለእሳት ሰጥቶ የሚቆመው።

ሊቁ፦ እሱ መርማሪው ነው።

በረኛው፦ ሥራውን አላውቅም። ሁሉንም ሰብስቦ ረጅም ንግግር ያደርጋል። ጣቱን ሲቀስር አክስቲቱ ጥልፏን ታስቀምጥና ከኪሱ አንድ ጓንት ትመዝበታለች። «ሌላኛው ጓንት የት አለ?» ትለዋለች። ከዚያ ካቴና ነው።

ሊቁ፦ መርማሪ ገዳይ አይሆንም። ደንብ የለውም።

በረኛው፦ እኔ ደንቡን አላውቅም ጋሼ። ካቴናውን ነው የማውቀው።

[አራተኛው ጥቅል አለቀ። ጭራው ይንጠፋጠፋል። ከታች የአዳራሹ መብራት በራ፤ ሰው ማጉረምረም፣ ወንበር መንቋቋት ጀመረ። የእትዬ ደወል ሁለት ጊዜ አጭር አጭር ጮኸ፤ «መልሱን አምጡ» ማለታቸው ነው። በረኛው ወደ ደረጃው ሄደና ቆመ።]

በረኛው፦ ማን ነው ልበላቸው?

[ሊቁ አምስተኛውን ጥቅል ከቆርቆሮው አውጥተው በጥንቃቄ ማሽኑ ላይ አስገቡ። እጃቸው ሥራውን ያውቀዋል፤ አፋቸው ግን ዘገየ።]

ሊቁ፦ እኔ ነኝ በላቸው።

በረኛው፦ እንዲህ ቶሎ አይታመንም ጋሼ።

ሊቁ፦ ሂድና በላቸው።

በረኛው፦ ፀሐይቱ ናት እላቸዋለሁ። እሷን ከሥራ ማባረር አይችሉም።

ሊቁ፦ በሩን እንዳትከፍት። መጋረጃውንም አጥብቀህ ሳብ። ከዚያ ተመልሰህ ና። አራተኛውን ዛሬ አንተ ጠቅልልልኝ።

[በረኛው ወረደ። በሩ ሲቀረቀር፣ መጋረጃው በቀለበቶቹ ላይ ሲንሸራተት ተሰማ። ማሽኑ ተነሳ። በረኛው ተመልሶ ጥግ ላይ አጎነበሰና መጠቅለያውን ሕፃን እንደሚያጎርስ በቀስታ ያዞር ጀመር። ሊቁ ወንበሩን ወደ መስኮቷ ስበው አፍንጫቸውን ከመስታወቱ ጋር አጋጠሙ።]

በረኛው፦ ሰው ወጣ?

ሊቁ፦ አንድም አልወጣም።

በረኛው፦ እትዬስ?

ሊቁ፦ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ያያሉ።

በረኛው፦ ሶፋ ነጋዴው?

ሊቁ፦ ሜትሩን ኪሱ ከቷል። አጠገቡ ያለችውን ሴትዮ «ሟቹ ማን ነበር» እያለ ሳይጠይቃት አልቀረም፤ ዝም በል ትለዋለች።

በረኛው፦ አክስቲቱ ጥልፏን አስቀመጠች?

ሊቁ፦ ዝም በል።

[ከታች ሁለት መቶ ሰው በአንድ ትንፋሽ «ውይ» አለ። ከዚያ ጭብጨባው መጣ፤ የበሰበሰውን ጣሪያ አቧራ እያራገፈ። የእትዬ ደወል አንድ ጊዜ፣ ረጅም አድርጎ ደወለ፤ የማታው ፊልም ይቀጥል ማለታቸው ነው። ሊቁ ከመስኮቷ ዞር አላሉም። መስታወቱ በትንፋሻቸው ደብዝዞ ነበር፤ በእጅጌያቸው ጠረጉት።]

ሊቁ፦ ከመጀመሪያው አውቄዋለሁ።

በረኛው፦ [መጠቅለያውን እያዞረ] መርማሪውም ካቴናው ሲገባለት ይህንኑ ነው የሚለው ጋሼ።