በሬ የሚያስመልሰው ወረቀት

(ላይ ጋይንት፣ ከንፋስ መውጫ ወጣ ብሎ ያለ መንደር። ይግዛው የሚባሉ የሃምሳ ዓመት ገበሬ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሁለት ዓመት አእምሯቸውን ታመው፣ መድኃኒት እየዋጡ ከዳኑ ሰነባብተዋል። ደምሌ ሕሙማንን ሥራ እያሠራ የሚያክም ወጣት ባለሙያ ነው፤ ከሞተር ሳይክሉ ወርዶ አጠገባቸው ተቀምጧል፣ ሄልሜቱን ግን አላወለቀም።)

ደምሌ፦ ጋሽ ይግዛው፣ ቀዩን ዶቃ ከቀዩ ጋር ይስኩ ነው ያልኩዎት!

ይግዛው፦ እኮ ለማን አንገት ነው? ሙሽራ አለህ?

ደምሌ፦ ለማንም! እጅና አእምሮ እንዲግባቡ ነው።

ይግዛው፦ የኔዎቹማ ታርቀዋል። ትናንት ከዘሬ ገብስ እንክርዳዱን አንድ በአንድ ለቅሜ ጨረስኩ። ያውልህ ስልቻው።

ደምሌ፦ እንክርዳድ ቅጹ ላይ የለም። (ይጽፋል) «ዶቃ... አልሰካም።»

ይግዛው፦ ኧረ ቀስ ብለህ ጻፍ ልጄ! ስታመም በሬዎቼን የወሰደው ወንድሜ አለሙ፣ «መጥመድ ይችላል የሚል ወረቀት ካላመጣህ በሬዎችህን አልመልስም» ብሎኛል። ገብሱ በዚህ ሳምንት ካልተዘራ ዓመቱን ሙሉ የሰው እጅ ማየቴ ነው።

ደምሌ፦ እሱን ለእኔ ይተዉት፤ ዲግሪዬ በዚሁ ነው። በሬዎቹን ለአንድ አፍታ እናስመጣና አሁን ይጥመዱ፣ ልይዎት።

ይግዛው፦ ዛሬ?

ደምሌ፦ አዎ፣ ዛሬ!

ይግዛው፦ (ደንግጠው) ዛሬስ አልጠምድም!

ደምሌ፦ ይኸው! (ይጽፋል) «የሥራ ፍላጎት... የለውም።»

ይግዛው፦ ዛሬኮ ልጄ...

ደምሌ፦ ሰበብ አልቀበልም!

ይግዛው፦ ነገ ጎህ ሲቀድ እጠምዳለሁ።

ደምሌ፦ (ይጽፋል) «ቀጠሮ... ያበዛል።» እሺ፣ ቀኑ ስንት ነው?

ይግዛው፦ ሃያ አንድ።

ደምሌ፦ (ስልኩን አይቶ፣ ከንፈሩን እየመጠጠ) ሃያ ስምንት።

ይግዛው፦ ሃያ ስምንትማ አማኑኤል ነው፤ ገና ሳምንት አለው!

ደምሌ፦ ስልክ አይዋሽም ጋሼ።

ይግዛው፦ የማን ስልክ ነው?

ደምሌ፦ የኔ ነዋ! ሪፖርታችን በፈረንጅ ቀን ስለሆነ እሱንም በፈረንጅ አድርጌዋለሁ።

ይግዛው፦ እንግዲያ ፈረንጁ ይረስ! እኔ ሰኔ ሃያ አንድ፣ በማርያም ቀን፣ ሞፈር አልነካም። በረዶ ቢወርድ አገሩ እኔን ነው የሚከስ! ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ በሞተር እየሰነጠቅኸው ስትመጣ ምን መሰለህ?

ደምሌ፦ ስብሰባ የወጣ ሕዝብ መስሎኝ... (ብድግ ብሎ) ማርያም? ዛሬ ማርያም ነው? ወይኔ ጉዴ! የእናቴ ማኅበር! ተረኞቹ እኛ ነን! ድፎውን የማደርሰው እኔ ነኝ! ሄልሜቴስ? ሄልሜቴን ማን ወሰደው?

ይግዛው፦ ራስህ ላይ ነው።

(ደምሌ ራሱን ይዳብሳል። ይግዛው ቅጹን ያነሳሉ፤ በልጅነታቸው እዚያው ጋይንት፣ በቤተ ልሔም የድጓ ትምህርት ቤት የቆሎ ተማሪ ስለነበሩ ንባብ አይቸግራቸውም።)

ይግዛው፦ «ቀኑን ያውቃል?» አያውቅም። «ዕቃውን የት እንዳኖረ ያስታውሳል?» አናቱ ላይ ደፍቶ ይፈልጋል። «ሰው ሲናገር ያዳምጣል?» ኧረ ወዲያ! ቅጹስ ደህና ነው ልጄ፤ ስሙ ብቻ ነው የተሳሳተው።

ደምሌ፦ ቀስ ይበሉ ጋሼ፣ ሰው እንዳይሰማ! አዲስ ቅጽ እሞላለሁ። «በደንብ ይጠምዳል!» ይኸው ፈረምኩ። (ብዕሩ ቀኑ ላይ ሲደርስ ይቆማል) ቀኑ... ስንት ነበር ያሉኝ?

ይግዛው፦ ሃያ አንድ። (ወረቀቱን ተቀብለው ትከሻውን ቸብ ቸብ እያደረጉ) አይዞህ ልጄ፣ እኔንም የጀመረኝ እንዲህ ነበር። መድኃኒትህን ሳታቋርጥ ከዋጥህ፣ ለከርሞ ሰኔ ለአንተም አምነው በሬ ይሰጡሃል።