እትዬ ዘሃራ ግድግዳ ላይ ያለው ሰውዬ

ማወቅ ደግ ነው። ያወቁትን ሁሉ መናገር ግን ራሱን የቻለ በሽታ ነው፤ እኔን የሚያመኝም እሱ ነው። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለውን ተረት ያልሰማ አለ? እኔም ሰምቼዋለሁ፤ ምን ዋጋ አለው!

ሰቆጣ ለሥራ ተመድቤ ስመጣ የተከራየሁት እትዬ ዘሃራ ግቢ ነው። ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ባላቸው ጋሽ ሰይድ ከሞቱ ሦስት ዓመት አልፏል። በቀደም ለልጃቸው ለሰሚራ ከጋዝጊብላ ሽማግሌ ሲመጣ፣ “ወንድ የለኝም፤ አንተ ከጎኔ ተቀመጥ” አሉኝ። ክብር አይደል? ኮቴን ለብሼ ተሰየምኩ።

የሽማግሌዎቹ አለቃ አባ ይማም ዐይናቸው ግድግዳው ላይ አረፈ። እዚያ ፎቶው የተሰቀለው ሰውዬ ባርኔጣውን ዘመም አድርጎ፣ ጺሙን እንደ ክር አቅጥኖ፣ አንድ ቅንድቡን ሰቅሎ ያያል። “አባትየው ናቸው? ጨዋነታቸው ፊታቸው ላይ ይነበባል” አሉ። እትዬ ዘሃራ ዝም አሉ። እኔም ዝም ብል ምን ነበረበት? የድሮ ፊልም ሁሉ ያየሁት ለዚያች ቀን ይመስል፣ “ኧረ እኚህማ የጥንት የሆሊውድ ተዋናይ ናቸው፤ ያገሩ ሴት ሁሉ ያበደላቸው” አልኩ።

አባ ይማም ምርኩዛቸውን ሳብ አደረጉ። በአንድ ዐረፍተ ነገር የሰው ትዳር ያፈረስኩ መሰለኝ።

እትዬ ዘሃራ ሻሻቸውን አስተካክለው በዝግታ ተናገሩ። ጋሽ ሰይድ በጎረምሳነታቸው ደሴ ሲኒማ ገብተው ያን ሰው ቢያዩት ልባቸው ቀረ፤ ፎቶውን ገዝተው መጡ። ከዚያ ወዲያ እስኪሞቱ ጺማቸውን እንደሱ ሲከረክሙ ኖሩ። ራሳቸው ግን ፎቶ መነሣት ያፍሩ ነበር፤ አንድም የላቸውም። “ሲናፍቀኝ እሱን አያለሁ” አሉ። “ባሌ ነው ብዬ አልዋሸሁም፤ አይደለም ማለቱ ግን ከበደኝ።”

አባ ይማም ምርኩዛቸውን መልሰው ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

“እንግዲህ እውነት ከተጀመረ” አሉ፣ “እኛም የላክንላችሁ የልጁ ፎቶ የዛሬ አሥር ዓመት የተነሣው ነው። ያ ሁሉ ፀጉር አሁን የለም።”

ይሄኔ ሰሚራ ከጓዳ ሆና፣ “እሱንማ አውቃለሁ” አለች፤ “በየገበያው ቀን አየው የለ እንዴ።”