እትዬ ሸዋነሽ ያላመኑት አረንጓዴ

መጀመሪያ እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያብሳሉ። ቀጥለው እስክሪብቶ ያወጣሉ፤ ኪቦርዱን ገና አይነኩም። የፋይሉን አድራሻ ከላይኛው ፎልደር ጀምረው ወረቀት ላይ ይገለብጣሉ፤ አንድ ፎልደር በአንድ መስመር። ከዚያ የግራ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳርፈው በቀኝ እጃቸው ፎልደሮቹን በተራ ይከፍታሉ። ጣታቸው አንድ መስመር ካልወረደ ቀጣዩ አይከፈትም።

ሥራ በተጣደፈ ቁጥር «የትኛው?» ብሎ የሚያስቆም ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት በምድር ላይ የለም። ደብረ ታቦር ላለችው ትንሽ የሶፍትዌር ቢሯችን የደረሷት መጋቤ ፋይል እትዬ ሸዋነሽ ናቸው። ስምንት ዓመት ኩዌት ሰው ቤት ሠርተው፣ ተመልሰው ኮሌጅ ገብተው፣ አሁን ሶፍትዌር ይፈትሻሉ። «ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነው» ስላቸው «የትኛው ጠረጴዛ?» ይሉኛል። ቢሮው ያለው አንድ ጠረጴዛ ነው። «ጋሽ ታደሰ ደውለው ነበር» ብላቸው «የትኛው ታደሰ?» አሉኝ። ባለቤታቸው ናቸው።

ባለፈው ነሐሴ 14 ዘመኑ የሚባል ደንበኛችን ከእብናት መጣ። የሚሠራበት ጤና ጣቢያ የሳንባ ሕመምተኞችን ቀጠሮ የሚያወጣ ፕሮግራም አዞን ነበር። ለሕመምተኛው የሠላሳ ቀን ክኒን ይሰጠዋል፤ የሚመለስበትን ቀን ፕሮግራሙ ይቆጥራል።

«ወንድሜ ምናለ፣ የመጨረሻዋ መኪና አሥር ሰዓት ላይ ትወጣለች» አለኝ። «ነገ ጧት የቀጠሮ ወረቀቱ ይታደላል። እናቴም ነገ ናት ክኒን የምትቀበል።»

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ኮምፒውተሩ በራሱ የሚያካሂደውን ፍተሻ አስነሣሁት። ቀይ። «የቀን መቁጠሪያው ፋይል አልተገኘም» ይላል። እንዴት አይገኝም? አዲስ ጽፌ ትናንት ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። አድራሻውን «አንድ ፎልደር ወደ ላይ ውጣና ፈልግ» ብዬ አሳጠርኩት። አረንጓዴ። ሃያ አራቱም ፍተሻ አለፈ። ዘመኑ ጃኬቱን አነሣ።

«አገኘው» አልኩ።

«የትኛውን?»

«እትዬ፣ አንድ ፋይል እኮ ነው።»

«ወደ ላይ የወጣው ከየት ተነሥቶ ነው?»

ፍተሻው መንገዱን የሚቆጥረው ከተነሣበት ፎልደር ነው፤ እኔ ደግሞ ያን ቀን ያስነሣሁት ከሌላ ቦታ ነበር። እትዬ ሸዋነሽ እጃቸውን አበሱ። ዘመኑ ሰዓቱን ያያል፣ እኔ ዘመኑን አያለሁ። ጣታቸው ስድስተኛው መስመር ላይ ቆመ። በዚያው ስም የተቀመጠ ሌላ ፋይል አለ፤ የአምናው። የፈተሽነው የአምናውን ነው፤ ዘመኑ ይዞ የሚሄደው ግን አዲሱን።

የአምናውን ስም ቀየሩና ፍተሻውን እንደገና አስነሡት። ሆን ብለው ቀይ አደረጉት።

«ምነው እትዬ፣ አረንጓዴ አልነበረም እንዴ?» አለ ዘመኑ።

«የሌላ ፋይል አረንጓዴ ነው።»

ከዚያ ለፍተሻው የአዲሱን ሙሉ አድራሻ ከላይ እስከ ታች ጻፉለት። ሃያ ሦስቱ አለፉ። አንዱ ቀይ ሆነ። ነሐሴ 15 ክኒን የወሰደ ሰው መመለስ ያለበት መስከረም 10 ነው፤ የእኔ ፋይል መስከረም 15 ይላል። ጳጉሜንን ዘልያታለሁ። ደመወዝ የማይከፈልባት ወር መሆኗ ሳያስረሳኝ አልቀረም።

ዘመኑ በጣቱ ቆጠረ። «እናቴ አምስት ቀን ያለ ክኒን ልትቀመጥ ነበር» አለና ወንበሩ ላይ ተመለሰ።

ለማስተካከል አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። እትዬ ሸዋነሽ ከኋላዬ ቆመው ጠበቁ። ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ሃያ አራቱም አረንጓዴ ሆነ፤ የተነበበው ፋይል ሙሉ አድራሻም ከሥሩ ተጽፎ ወጣ። ዘመኑ ፕሮግራሙን የያዘውን ፍላሽ ኪሱ ከትቶ በሩ ላይ ዞር አለ።

«ለመሆኑ የማን ስህተት ነው?»

«የቢሮው» አሉ እትዬ ሸዋነሽ።

በዚያ ክፍል ውስጥ «ከቢሮው የትኛው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አንድ ብቻ ነበር። እሳቸውም አልጠየቁም። ከዚያ ወዲህ «የትኛው?» ሲሉኝ ከወንበሬ ተነሥቼ ነው የምመልስላቸው።

ይህን ልጽፈው እንደሆነ ስነግራቸው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«ጻፈው። ግን አንባቢዎችህን አንድ ነገር ለምንልኝ። ከእኛ ፕሮግራም የወጣ የቀጠሮ ወረቀት በእጁ ያለ ሰው፣ ክኒኑንና ቀኑን በጣቱ ይቁጠርልኝ። ካልገጠመለት ይደውልልኝ። ‹ተሳስታችኋል› ብቻ ብሎ ግን ስልኩን አይዝጋብኝ፤ የትኛው ወረቀት እንደሆነ ይንገረኝ።»