የተሳለምኩት ኩባያ

ከሰው ልጅ ጠብ ግማሹ የሚነሳው ከመሬት ነው፤ የቀረው ግማሽ ከኩባያ! አትሳቁ። ቤታችሁ ውስጥ ስድስት እኩል ኩባያና አንድ ለየት ያለ ኩባያ ካለ፣ ሰባተኛው ሰይጣን መሆኑን ዛሬውኑ እወቁት።

የእኔው ሰይጣን የመጣው ከባሕር ማዶ ነው። ልጄ አልማዝ ለሥልጠና ሄዳ ስትመለስ፣ «እማዬ፣ ላንቺ ብዬ ነው» ብላ ባለ ጆሮ የሸክላ ኩባያ ከሹራብ መሀል ፈታ ሰጠችኝና ወደ ሥራዋ በረረች። ሥዕል አለበት፦ የድንጋይ ግንብ፣ ሁለት ማማ፣ ደጃፉ ላይ ጥቁር ለብሰው የተሰለፉ ሰዎች። ከሥሩ የፈረንጅ ጽሑፍ። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ፈረንጅኛው አልደረሰልኝም። ግን ዓይን አለኝ አይደል? ግንብ፣ ማማ፣ ጥቁር ለባሾች… ገዳም ነው! ምን ያጠራጥራል?

ቡፌው ላይ ሰቀልኩት። ማንም እንዳይጠጣበት፣ ቀርቦም እንዳይነካው ከለከልኩ። ጠዋት ጠዋት ባጠገቡ ሳልፍ ዘንበል ብዬ እሳለመዋለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ!

ባለፈው እሁድ ለልጅ ልጄ ለራሄል ሽማግሌ መጣ። ከጎባ ወደ እኛ ሮቤ በሚኒባስ፣ ሦስት ሆነው። መሪያቸው ኦቦ ገመቹ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ሁለተኛው ሐጂ ከድር ነጋዴው፤ ሦስተኛው ሰውዬ ከሰላምታ በቀር ትንፍሽ አላሉም። ራሄል የላካቸውን ልጅ ትወደዋለች። እኔም አልጠላሁትም። ግን ወግ አለ! እኔን ሲጠይቁ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል፤ አልማዝን ሲጠይቁም ሦስት ጊዜ። ራሄልን በአንድ ቀን «እሺ» ብዬ ብሰጥ ፍትሕ የት ገባ? ልጅቷ ከማን አንሳ? «ዘመድ ላማክር» ብዬ ልሸኛቸው ቆርጫለሁ።

ሻይ ግን አቀረብኩ። በቤቴ ሁሉም ሰው እኩል ነው፤ ያን ቀን ሕጌን ራሴ ጣስኩና ለሁለቱ ተራውን ኩባያ፣ ለኦቦ ገመቹ ገዳሙን ሰጠሁ። ቅጣቱም አልዘገየም!

ታውቃላችሁ፣ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ እህል ውሃ አይቀምስም። ሻዩ ፊታቸው ይተናል፤ እነሱ እጃቸውን አጣምረው ያዩታል። ከኩባያ ሌላ ምን የሚታይ አለ? ኦቦ ገመቹ መነጽራቸውን አወጡ። አጎነበሱ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ኩባያውን አዞሩት፣ መልሰው አዞሩት… ከዚያ በሐጂ ጆሮ አንድ ነገር ሹክ አሉ። ሐጂም «ያ ረቢ!» ብለው ተነሱ። ሦስቱም ተነሱ።

«ምነው ኦቦ?»

«አዴ ሙሉ፣ መልሱ ደርሶናል።»

«የምን መልስ? አፌን መች ከፈትኩ?»

«መክፈት አላስፈለገዎትም። ልጃችንን የት ሊከቱት እንዳሰቡ በሥዕል አሳይተውናል።»

«የት? ገዳም?»

«የምን ገዳም! ‹የጥንቱ ወህኒ ቤት› ነው የሚለው!»

ከጓዳ ማንኪያ ሲወድቅ ሰማሁ። እኔ ግን በአንድ ምስክር ፈርጄ አላውቅም። «ራሄል! ነይና አንብቢ!» አልኩ። የምትጠየቅ ልጅ ሽማግሌ ፊት መውጣቷ ነውር ነው፤ ቢሆንም ከነውርም እውነት ይቀድማል። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ መጣች፤ ጎንበስ ብላ አየችው።

«እማማ… ወህኒ ቤት ነው። የተሰለፉት እስረኞች ናቸው።»

«መነኮሳት አይደሉም?»

«እስረኞች።»

«ሦስት ሳምንት እኮ ተሳልሜዋለሁ!»

ሐጂ ከድር ሳቁ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ወላሂ አዴ ሙሉ፣ ስለትም አስገብተው እንዳይሆን!»

ኦቦ ገመቹ ግን ፍንክች የለም። «ባያውቁም ተሰድበናል፤ ካሳ ይገባናል። ሁለተኛ ቀጠሮ አንቀበልም። መልሱን ዛሬ ይስጡን፤ አለዚያ በመጣንበት ሚኒባስ ሄደን እንቀራለን።»

ራሄል ታየኛለች። ነጠላዋ ሳይቀር ያየኛል! ሦስት ጊዜ ማመላለስ ወግ ነው፤ የበደለ ይካስ ደግሞ ፍርድ ነው። «በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ» እያልኩ መንደሩን ያሰለቸሁ ሴት፣ የራሴ ተራ ሲደርስ ልሸሽ?

«እሺ» አልኩ። «ልጄን ሰጥቻችኋለሁ።»

ራሄል እልል ልትል አፏን ከፈተችና ሙሽራዋ ራሷ መሆኗ ትዝ ሲላት በነጠላዋ አፈነችው።

አሁን መቅመስ ተፈቀደ። ኦቦ ገመቹ ግን ኩባያቸውን ቀስ አድርገው ወደ ሐጂ ገፉት። ሐጂ «እኔ ምን አጠፋሁ?» ብለው ወደ ሦስተኛው ሰውዬ ገፉት። ሰውየው ከሰላምታው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ፦ «ማሎ! እኔ እንዲያው አብሬ የመጣሁ ነኝ!»

«አምጡት!» አልኩ። «ጥፋተኛዋ እዚህ ቁጭ ብላ ንጹሕ ሰው አይታሰርም!» የቀዘቀዘውን ሻይ በአንድ ትንፋሽ ጨለጥኩት።

ኩባያው ዛሬም ቡፌው ላይ ነው። ጠዋት ሳልፍ አንገቴ ለምዶበት ዘንበል ይላል። ራሄል «እማማ፣ አሁንም ወህኒ ቤት ትሳለሚያለሽ?» ስትለኝ፣ «ግንቡን አይደለም» እላታለሁ፤ «የተሰለፉትን ነው። በምስክር ይሁን በኩባያ እንደተፈረደባቸው ማን ያውቃል?»