ሰባተኛ ሰው ጠፋ

[ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር፣ ዓርብ ከሰዓት። ጥዑመልሳን ጨንቆታል። ከሱዳናውያኑ ከእነገማል የጡረተኞች ቡድን ጋር ኳስ ሊጋጠም ስድስት ሐበሻ ሽማግሌ ሰብስቦ፣ ሰባተኛው ጠፍቶበታል። ሁሉን አውቃለሁ ባይ ሲጨንቀው ደግሞ ይብስበታል፤ የካሳሁን ሻንጣ መሸጫ በር ላይ ቆሞ ያስተምራል። ካሳሁን ወንበሩ ላይ እንደተዘፈዘፈ ነው።]

ካሳሁን፦ ጉልበት የሚያልቀው በሩጫ ነው አልኩህ!

ጥዑመልሳን፦ በመቀመጥ ነው! ሳይንስ ነው!

ካሳሁን፦ ሐፍላ ተሳፍረህ አታውቅም? ቀኑን ሙሉ ስትሮጥ ነው ጎማዋ የሚላጨው። የቆመ መኪና ጎማ ሲላጭ አይተሃል?

ጥዑመልሳን፦ ወይ ፈጣሪዬ! ሐኪሟ ዐዛ ምን አለችህ?

ካሳሁን፦ መንቀሳቀስ አለብህ አለችኝ።

ጥዑመልሳን፦ ታዲያስ!

ካሳሁን፦ ታዲያ ከጀብራ እዚህ ቡሪ ቤት ቀየርኩ።

ጥዑመልሳን፦ [ራሱን ይዞ] ስማኝ። በሬዲዮ ሰምቻለሁ፤ ሽማግሌን ወደ ስፖርት የሚገፉት ሦስት ነገሮች ናቸው። ፍርሃት፣ ሐኪም፣ ከዚያ ደግሞ ፍርሃት።

ካሳሁን፦ ዐዛን እንኳ አልፈራኋትም። ደግ ልጅ ናት።

ጥዑመልሳን፦ ሞትን ፍራ እንጂ! ስኳሩ አለ፣ ደም ግፊቱ አለ! ብትጫወት ግን ዘጠና ዓመት ትኖራለህ።

ካሳሁን፦ በካርቱም የቤት ኪራይ? ኧረ ተወኝ!

ጥዑመልሳን፦ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከቤት ያልወጣችው ይመኙሻል እንኳ ልታይ ትመጣለች።

ካሳሁን፦ ምን ልታይ?

ጥዑመልሳን፦ አንተን!

ካሳሁን፦ ስወድቅ?

ጥዑመልሳን፦ [እውቀቱ ሁሉ ከዳው፤ ድምፁ ለስለስ አለ] ካሳ፣ በእናትህ። ሰባት ካልሞላን ጨዋታው ቀረ። እነገማል «ሐበሾቹ ሸሹ» እያሉ እስከ ፋሲካ ይዘባበቱብናል። ማን ከዚያ በኋላ ሜዳ ይወጣል? ቡድኑ አበቃለት።

ካሳሁን፦ [ከንፈሩን እየመጠጠ] አይ፣ ያሳዝናል። በረኛው ማነው?

ጥዑመልሳን፦ [ነፍሱ መለስ አለች] ሚልዮን! ድሮ ነብር ነበር። አሁን ወገቡ አይታጠፍለትም እንጂ። መሬት ለመሬት ከመጣችበት ዓይኑ እያየ ታልፋለች። ግን ይሄን ማን ያውቃል?

ካሳሁን፦ ማንም አያውቅ። ተከላካዩስ?

ጥዑመልሳን፦ ጸጋዬ። ግራ ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል፤ በቀኙ ግን ንስር ነው!

ካሳሁን፦ በግራ በኩል ከመጡበትስ?

ጥዑመልሳን፦ ሰላም ሲሉት ነው የሚያያቸው። ዋናው ነገር ምስጢር መጠበቅ ነው። ገባህ? ወይስ እንደ ልማድህ ይሄም አልገባህም?

ካሳሁን፦ ይሄስ ገብቶኛል።

[ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ይነፋል። «ያ ካሳ! ያላ!» ይላል የገማል ድምፅ። ካሳሁን ከባንኮኒው ሥር ቢጫ ማልያ አውጥቶ ያጠልቃል። ጥዑመልሳን ማልያውን ያውቀዋል፤ ክው ብሎ ቀረ።]

ጥዑመልሳን፦ ይሄ... ይሄ የእነገማል አይደለም እንዴ?

ካሳሁን፦ ነው። ከጥምቀት ጀምሮ ከእነሱ ጋር ነኝ።

ጥዑመልሳን፦ ከሃዲ! እኔ ያገርህ ልጅ እያለሁ?

ካሳሁን፦ ትጫወታለህ ወይ ብለህ መቼ ጠየቅኸኝ? ትሞታለህ ነው ያልከኝ። ገማል ግን «ካሳ፣ ያላንተ አይደምቅም» አለኝ፤ ተነሥቼ ሄድኩ። ከጨዋታ በኋላ አብረን ፉል እንበላለን። ዓርብ መጾሜን ስለሚያውቁ የእኔን ያለ አይብ ነው የሚያቀርቡት።

ጥዑመልሳን፦ [ይህቺ አንጀቱን በላችው] እኔም እኮ ላንተው ብዬ ነበር... አሁን ሰባተኛ ሰው ከየት ላምጣ?

ካሳሁን፦ አታስብ፤ ገማል አንድ ሰው ያውሳችኋል። እኛ ጋ ትርፍ ሞልቷል።

ጥዑመልሳን፦ ያርገው እንግዲህ። ግን በሞቴ፣ የሚልዮንን ወገብ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል!

ካሳሁን፦ [እየወጣ] ኧረ ምን በወጣኝ! የምመታው እኔ አይደለሁ?